ሦስተኛው ስልክ

ግቢው ውስጥ ስንጥር ይሉኛል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ከሚለው ተረት ያመጡት ነው። ተማሪዎቹ የማልሰማ መስሏቸው በሹክሹክታ ይጠሩኛል፤ እኔ ግን ስሙን ወድጄዋለሁ። የኮሌጁን ገመድ አልባ ኢንተርኔት የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፤ የአጠቃቀም ደንቡንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። አንድ ተማሪ ከሁለት መሣሪያ በላይ አያገናኝም ይላል አንቀጽ ሁለት። አንቀጽ አራት ደግሞ የይለፍ ቃል ለማንም፣ ለኔትወርክ ሠራተኛም ቢሆን እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ የሰጠም የተቀበለም ይቀጣል። «ለኔትወርክ ሠራተኛም ቢሆን» የምትለዋን ስጨምር ጎበዝ ነህ ብዬ ራሴን አመስግኜ ነበር።

ማክሰኞ ዝርዝሩን ስመለከት በእህቴ ልጅ ስም ሦስት መሣሪያ ተገናኝቷል። ላፕቶፗን አውቀዋለሁ፣ ስልኳንም አውቀዋለሁ፤ ሁለቱንም የገዛሁላት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ስልክ የማን ነው? ስልኮች ዛሬ ዛሬ መለያ ቁጥራቸውን እንደ ሸሚዝ ስለሚቀያይሩ ከቁጥሩ ማወቅ አይቻልም። ማወቅ የቻልኩት ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ነው። በየቀኑ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ይገባል፤ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያው ጋ፣ አንድ ቀን ክሊኒኩ ጓሮ። ጎረምሳ አለ አልኩ በልቤ። ሰው ምሳ እስኪሄድ ጠብቆ በልጅቷ ኢንተርኔት የሚንፈላሰስ ጎረምሳ!

ልጅቷ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያደገችው እኔ ዘንድ ነው፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። ያን ዕለት እራት ላይ ጠየቅኳት።

«የይለፍ ቃልሽን ለማን ሰጠሽ?»

«ለማንም።»

«ታዲያ በየቀኑ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት በስምሽ ግቢውን የሚዞረው ማነው? ማጠቢያው ጋ፣ ክሊኒኩ ጓሮ?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ተወው በቃ፣ ጋሼ» ብላ ተነሣች።

ያዝኩሽ! አልኩ። ንጹሕ ሰው ይጮኻል እንጂ ዝም አይልም።

ለዘመዱ አዳላ እንዳልባል በማግስቱ ጠዋት ሪፖርቱን ፈርሜ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አስገባሁ። ከሰዓት በኋላ ጠሯት። ለማን እንደሰጠች ሲጠይቋት «አልናገርም» አለች። ሰብሳቢዋ እስከ ዓርብ ጠዋት ጊዜ ሰጠቻት፤ ስሙን ካላወጣች መስመሯ ይዘጋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ የሚገባው በኮሌጁ መስመር ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ያው ዓርብ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ያ ካለፈ ዓመቱን ትደግማለች። ግን ጎረምሳውን አንገቱን ይዤ ካመጣሁት ጥፋቱ ወደ እሱ ይዞራል ብዬ ተጽናናሁ።

ሐሙስ በስድስት ሰዓት እንደ ልማዴ የሲግናል ልኬት ዙሬን ጀመርኩ። የመሥሪያ ቤቱን መለኪያ ስልክ ይዞ ሲግናሉ የት እንደሚደክም እያዩ መዞር ነው ሥራው። ያን ቀን ግን ላፕቶፔን በሌላው ክንዴ ደግፌ ሦስተኛውንም ስልክ ማደን ጀመርኩ። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ስደርስ ዝርዝሩ «እዚህ ነው» አለኝ። አንድ ባለ መነጽር ተማሪ ስልኩን ቶሎ ኪሱ ከተተ። ተከተልኩት። ማጠቢያው ጋ ስንደርስ እሱ ወደ ካፌው ታጠፈ፤ ሦስተኛው ስልክ ግን እዚያው ማጠቢያው ጋ ነው። አጣቢዋን ከላይ እስከ ታች አየኋት።

«ምን ጠፍቶብህ ነው የምታፈጥብኝ?» አለችኝ።

ከዓይኗ ልሽሽ ብዬ ምድር ቤት ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት ወረድኩና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። ዝርዝሩን አየሁ፤ አሁንም እዚሁ ነው፣ ያውም ሲግናሉ ሙሉ። ከተሰባበሩ ወንበሮች በቀር ማንም የለም። አንድ በአንድ እያነሣሁ ከሥር ፈተሽኩ።

መጨረሻ ላይ እጄን አየሁ። መለኪያ ስልኩን አጠፋሁት። ሦስተኛው መሣሪያ ከዝርዝሩ ወጣ። አበራሁት። ተመልሶ ገባ።

በሴሚስተሩ መጀመሪያ «መስመሬ እምቢ አለኝ» ብላ ቢሮዬ መጥታ ነበር። የይለፍ ቃሏን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ፣ በመለኪያ ስልኩ ሞከርኩት፣ ሠራ። ከስልኩ ላይ ማጥፋቱን ረሳሁ። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በልጅቷ ስም ግቢውን ስዞር የከረምኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ጽሑፏን እያረመች ነበር። ነገርኳት። ቀና እንኳ አላለችም።

«ደረስክበት?» አለች።

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ሰዓቱንና ቦታውን ስትነግረኝ ገባኝ። በምሳ ሰዓት ስልክ ይዞ ክሊኒክ ጓሮ የሚዞር ከአንተ ሌላ ማን አለ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አጎቴ ጠይቆኝ ነው ብል አንተን ያባርሩሃል። አንቀጽ አራት። እኔ ዓመት ብደግም አልሞትም።»

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ምን ፈልጋ ነው?» የሚል ነበር። እውነቴን ነው፣ ያን ያህል የተበላሸሁ ሰው ነኝ። ከዚያ እፍረቱ መጣ፤ ያሳደግኳት ልጅ ፊት ቀና ማለት አቃተኝና ጫማዬን የማወልቅ ይመስል ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ሰብሳቢዋን በሯ ላይ ጠበቅኳት።

«ለማን ነው የሰጠችው?» አለችኝ።

«ለእኔ። ጠይቄያት።»

መስመሯን አልዘጉባትም፤ እኔ ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ ታገድኩ። ቁልፌንና መለኪያ ስልኩን አስረክቤ ቤቴ ገባሁና ሰዓት እያየሁ ዋልኩ። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥስ? ሰብሳቢዋ ሐሳቧን ብትቀይርስ? ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ስልኬ ጮኸ።

«ገባ፣ ጋሼ» አለችኝ።

«የማረጋገጫውን ፎቶ ላኪልኝ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

«እሰይ ልጄ» አልኳት።