ሦስተኛው ቅያሪ

ስቶያን ቬልኮቭ በወጣትነቱ በቡልጋሪያ ትልቁ ሊግ ስሙ የታወቀ አጥቂ ነበር። የጨዋታ ዘመኑን ያሳጠረው ጉልበቱ ነው። ክለቡ ላለመውረድ በተጫወተበት ቀን ያበጠ ጉልበቱን በመርፌ አደንዝዘው አስገቡት። ሁለት ጎል አገባ፤ ደጋፊው ተሸክሞ አዞረው። ከዚያ ወዲያ ሙሉ ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም። አሰልጣኝ ሆነና አገሩ ውስጥ ከአንዱ ትንሽ ክለብ ወደ ሌላው ሲቀጠርና ሲባረር ከርሞ፣ በመጨረሻ ከዱባይና ከሻርጃ አጠገብ ወዳለችው የኤምሬቶች ከተማ አጅማን መጥቶ በታችኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት ቡድን ተረከበ።

ነስረዲንን ያገኘው ሻርጃ ውስጥ ነው። ነስረዲን የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ዱባይ ማሪና አንድ ፎቅ ይጠብቃል፣ ሻርጃ ሮላ ሰፈር ቢድ ስፔስ ይዞ፣ በጋራ ክፍል አንድ አልጋ ተከራይቶ ያድራል፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከወሎ ልጆች ጋር አሸዋ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታል። ስቶያን በመኪና ሲያልፍ አየውና ወርዶ ጨዋታው እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ቆመ።

"ክለብ ተጫውተሃል?" አለው በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

"አገሬ እያለሁ፣ ትንሽ።"

"ነገ ጫማህን ይዘህ አጅማን ና።"

ክለቡ የነስረዲንን ቪዛ ወደ ራሱ አዛወረ። ነስረዲንም ጎል ማግባት ጀመረ። መውረድ ያሰጋው የነበረው ቡድን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ፤ የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ሲቀር፣ ካሸነፈ ወደ ትልቁ ሊግ የሚያልፍበት ደረጃ ላይ ደረሰ።

ጊዜው ኢትዮጵያ ሠራተኞቿ ወደ ዓረብ አገር እንዳይሄዱ ያገደችበት ነበር። አንዴ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው በደህናው መንገድ ዳግም መውጫ አልነበረውም። የነስረዲን ሚስት ራህማ ሻርጃ ውስጥ አንዲት ማዳም ቤት ትሠራለች፤ የሚገናኙት ማዳሟ በምትለቃት ዓርብ ብቻ ነው። ያም ቢሆን መገናኘት ነውና ሁለቱም ቪዛቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁት ነበር።

ጨዋታው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነስረዲን ልምምድ ላይ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ሲነሳ እግሩ አልታዘዘው አለ። የክለቡ ሐኪም ጉልበቱን ኤምአርአይ አስነሥቶ ካየ በኋላ፣ "ጅማቱ ተሰንጥቋል። ካረፈ ይድናል፤ ከሮጠበት ግን ይበጠሳል" አለ።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አቡ ሱልጣን ይህን ሲሰማ ነስረዲንን ቢሮው አስጠራው። "መርፌ አለ" አለው። "ቅዳሜ ትወጋና ትጫወታለህ። ካልተጫወትክ ኸላስ፣ አበቃ፤ ቪዛህ ይሰረዛል።"

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ራህማ ሮላ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ስትጠብቀው፣ ሰው መሀል እያነከሰ ሲመጣ ከሩቅ አየችው።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ወለም ብሎኝ ነው፣ ምንም አይደለም።"

"ዋላሂ በል!"

ያኔ ሁሉንም ነገራት። ራህማ መሬት መሬት እያየች ሰማችው።

"አትጫወት" አለች። "እግርህ ከሄደ የትኛው ሹግል፣ የትኛው ሥራ ይቀበልሃል? ጥበቃውም እኮ ቆሞ መዋል ነው።"

"ካልተጫወትኩ ይልኩኛል። አንቺን እዚህ ለማን ጥዬሽ ልሂድ?"

ከመግሪብ ሶላት በፊት ማዳሟ ቤት መግባት ስለነበረባት ሳይስማሙ ተለያዩ።

ቅዳሜ መልበሻ ክፍሉ ጭር ብሏል። ስቶያን አሰላለፉን ሲያነብ የነስረዲን ስም ከተቀያሪዎቹ መሀል ነው። እዚያም ያስገባው አቡ ሱልጣን ግድ ብሎት ነው። ነስረዲን ተጫዋቾቹ እስኪወጡ ጠብቆ አሰልጣኙን በር ላይ ያዘው።

"ኮች፣ ያስወጉኝና ልጫወት።"

"አይሆንም።"

"እግሩ የኔ ነው!"

ስቶያን የሱሪውን እግር እስከ ጭኑ ሰበሰበው። ጉልበቱ በስፌት ጠባሳ ተዥጎርጉሯል፤ ቅርጹም ከሌላኛው ጋር አይመሳሰልም።

"ይህም የኔ ነበር" አለው። "ማንም አላስገደደኝም። ውጉኝ ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ።"

"እርስዎ አገርዎ ነበሩ፣ ኮች። እኔ ዛሬ ካልገባሁ ሚስቴን ጥዬ ነው የምሄደው።"

ስቶያን ሱሪውን ወደ ታች መልሶ ወደ ሜዳው ሄደ።

ጨዋታው ጎል አልወጣው አለ። ከዕረፍት በፊት አንድ የአጅማን ተከላካይ ተጎድቶ ተቀየረ። ከዕረፍት በኋላ ስቶያን ሁለተኛ ቅያሪ አደረገ፤ አሁንም ዜሮ ለዜሮ። የቀረው አንድ ቅያሪ ብቻ ነው። ደጋፊው የነስረዲንን ስም አሳጥሮ "ናስር! ናስር!" እያለ ይጮኻል። አቡ ሱልጣን ከክብር ወንበሩ ተነሥቶ ደረጃውን ወርዶ መጣና በስቶያን ጆሮ፣ "ያላ! አሁን አስገባው" አለ።

"መሮጥ አይችልም።"

"መርፌው ያስሮጠዋል። ካላስገባኸው አንተም ነገ ሻንጣህን ያዝ።"

ስቶያን ዞር ሲል ነስረዲን ከወንበሩ ተነሥቶ ከኋላ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሏል። ቱታውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል። ሐኪሙ አጠገቡ ተንበርክኮ ቦርሳውን ከፍቷል። ነስረዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጥርሱን ነክሷል።

ስቶያን ለሥራ አስኪያጁ እምቢ ቢለው ጩኸቱ ይቀጥላል፤ ነስረዲንም ተወግቶ ይመጣል፤ ተወግቶ መስመሩ ላይ ከቆመ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰው ተቋቁሞ አላስገባም ለማለት አቅም እንደማይኖረው ራሱን ያውቀዋል። ወንበሩ ላይ የነበረውን ተከላካይ ጠራ።

"ሳሊም፣ ቱታህን አውልቅ። ፍጠን!"

ሳሊም ግራ ገባው። "እኔ? ጎል እኮ ነው የምንፈልገው፣ ኮች።"

"ግባ ብዬሃለሁ!"

አራተኛው ዳኛ ሰሌዳውን ከፍ አደረገ። ስታዲየሙ አጉረመረመ። አቡ ሱልጣን የመጨረሻው ቅያሪ እንዳለቀ የገባው ሳሊም መስመሩን ካለፈ በኋላ ነው፤ የስቶያንን ክንድ ጨምድዶ ያዘና በዓረብኛ ሰደበው። ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ ቀረ። ነስረዲን ሰሌዳው ላይ የሌላ ሰው ቁጥር ሲያይ ቱታውን ወደ ታች ለቀቀና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

አጅማኖች እስከ መጨረሻው ተጋደሉ። አንድ ኳስ የግቡን ቋሚ መትታ ተመለሰች። ሌላዋ በግቡ አፍ ላይ ተሻግራ የሚገጫት አጥታ ወጣች። ዳኛው ጨዋታውን ሲያበቃ ዜሮ ለዜሮ ነበር። ቡድኑ ሳያልፍ ቀረ።

ስቶያን መባረሩን የሰማው መልበሻ ክፍል ሳይደርስ፣ መተላለፊያው ላይ ነው። ነስረዲን እዚያው ጠብቆት ነበር።

"ቤቴን አፈረሱት፣ ኮች" አለው። ስቶያን እጁን ዘረጋለት፤ ነስረዲን ሳይጨብጠው አለፈ።

ቪዛው እንደተባለው ተሰረዘ። የበረራው ቀን ዓርብ ስላልነበረ ራህማ ልትሸኘው አልቻለችም፤ በስልክ ነው የተሰነባበቱት፣ እሱም ብዙ ማውራት አልቻለም። ስቶያን ወደ ቡልጋሪያ ተመልሶ በአንዲት ትንሽ ከተማ ታዳጊዎችን ማሠልጠን ያዘ። አልፎ አልፎ ለነስረዲን "ጉልበትህ እንዴት ነው?" የሚል መልእክት ይልክለታል። ነስረዲን ያነበዋል እንጂ አይመልስም።

ጉልበቱ በዕረፍት ዳነ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለኮምቦልቻ ከተማ ቡድን መጫወት ጀመረ፤ የሚከፍሉት ብዙ ባይሆንም ኳሱ አለ። ራህማን ግን ኮንትራቷን ጨርሳ እስክትመጣ ከዓመት በላይ ጠበቃት።

በመጣች በሳምንቷ ሜዳ ሄዳ ልምምዱን አየች። ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ሰውዬው አሁንም ይጽፍልሃል?"

"ይጽፋል።"

"ለምን አትመልስለትም?"

"ምን ብዬ?" አለ ነስረዲን። "አመሰግናለሁ እንዳልል ያለ አንቺ የከረምኩት በሱ ነው። ረገምኩህ እንዳልል ይኸው እሮጣለሁ።"

ራህማ ስልኩን ከእጁ ወሰደች።

"በል ተነሥ" አለችው። "እስከዚያኛው ግብ ሮጠህ ተመለስ።"

እያጉረመረመ ተነሣና ሮጠ። ራህማ እስኪመለስ ድረስ በስልኩ ቀረጸችው፤ ከዚያም ምንም ሳትጽፍበት ቪዲዮውን ለስቶያን ላከችለት።