የሐጅ ረገብ ግማሽ ቁልፍ

ሰርቨሩ የሞተው ከእኩለ ቀኑ የዙህር ሶላት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እስክንድርያ ባለው የሕፃናት ካንሰር ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዋ ሻሂናዝ ዲስኮቹ አንድ ላይ መበላሸታቸውን ስታይ አልደነገጠችም፤ መጠባበቂያ ቅጂ አላት። ሌላ ማሽን አዘጋጅታ የትናንቱን ቅጂ ልትጭን ስትል የይለፍ ቃል ጠየቃት። የደነገጠችው ያኔ ነው።

የሕሙማኑ ምስጢር እንዳይሰረቅ ቅጂው የሚከፈተው በሁለት ሰው ነው፤ ግማሹን ቃል እሷ፣ ግማሹን ባልደረባዋ ሐጅ ረገብ ይይዛሉ። አይጻፍም፣ ለማንም አይነገርም። በየእሁዱ ዲስክ ሲቀይሩ ተራ በተራ ይተይቡታል። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ብልህ ነን ብለውም ተመሰጋግነውበታል። አንዳችን ብንጠፋስ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። አሁን ሐጅ ረገብ ስእለታቸውን ሊፈጽሙ ኢዕቲካፍ ገብተዋል፤ ስልካቸውን ቤት ትተው፣ ረመዳን እስኪያልቅ ከመስጊድ ላይወጡ።

ዶክተር መምዱሕ በሩን በርግደው ገቡ።

"ሻሂናዝ፣ ሩቀያ በትኩሳት እየነደደች ነው። መድኃኒቱን አሁኑኑ ካልጀመርኩላት ታመልጠኛለች!"

"ታዲያ ይጀምሩላት እንጂ!"

"የሚሆናት ሁለት ነው። ባለፈው ክረምት አንደኛው ጉሮሮዋን አሳብጦ ሊገድላት ነበር። የትኛው እንደሆነ እናቷ አታስታውስም፣ ያከማት ሐኪም አገር ለቋል። ፋይሏ ያለው አንቺ ጋ ነው።"

ሻሂናዝ ሮጠች። መስጊዱ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። በመስኮቱ ፍርግርግ አስጠራቻቸው፤ ሐጅ ረገብ ነገሩን ሲሰሙ አላንገራገሩም፤ ቃላቸውን በጆሮዋ ሹክ አሏት። ተመልሳ ተየበችው። አልከፈተም። ደግማ ሞከረች። አልከፈተም። ጾም ያደረቀው ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ እንደገና ወደ መስጊዱ ሮጠች።

"ሐጅ፣ እምቢ አለ!"

"እንዴት እምቢ ይላል? ዓመታት የተየብኩት ቃል!"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቶቻቸው በመስኮቱ ደፍ ላይ ሳይሰናከሉ ይሮጣሉ፤ አፋቸው ግን መሐል ላይ ይጠፋበታል።

"ጉድ ፈላ፣ ሻሂናዝ። አፌ አያውቀውም። ጣቴ ነው የሚያውቀው።"

"ኪቦርዱን ይዤልዎት ልምጣ?"

"ሄደሽ እስክትመለሺ፣ ልጅቷ ትጠብቃለች?"

ከሐጅ ረገብ ኋላ ቁርዓን ይቀሩ የነበሩ አዛውንት ቀና አሉ።

"ረገብ! ከወጣህ ስእለትህ ፈረሰ፣ ልብ በል።"

"አውቃለሁ፣ አባቴ።"

ጫማቸው በወዲያኛው በር ነበር። በባዶ እግራቸው ወጡ።

ሻሂናዝ ግማሿን ተይባ ወንበሩን ለቀቀችላቸው። ሐጅ ረገብ ተየቡ። አልከፈተም።

"ዞር በይ! ስታፈጪብኝ ጣቴ ይሸበራል።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የቁልፎቹን ድምፅ ሰማች።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐጅ ረገብ በቀስታ።

ቅጂው መጫን ጀመረ። ያን ያህል ዝግ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ ስክሪኑን በጡጫ ልትለው ምንም አልቀራት። በመጨረሻ የሩቀያ ፋይል ሲከፈት ስልኩን አንስታ ለዶክተሩ ልጅቷን ያሳበጣትን መድኃኒት ስም ፊደል በፊደል አነበበችላቸው።

ዶክተር መምዱሕ "በመርፌ ስቤ የያዝኩት እሱን ነበር" አሉ።

የተሲያቱ የዐስር አዛን ካለቀ በኋላ አንዲት ነርስ የልጅቷ ትኩሳት መብረድ መጀመሩን ልትነግራቸው መጣች። ሻሂናዝ ከሐጅ ረገብ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

"ሐጅ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስእለትዎን አስፈረስኩዎት።"

ሐጅ ረገብ አቧራ የለበሰ እግራቸውን አዩ።

"ልጄን እዚሁ ዋርድ ነው ያስታመምኳት። በእግሯ ከወጣችልኝ ብዬ ነው የተሳልኩት።" ተነሡ። "ስእለቱን ባለቤቱ አላህ ይቆጥርልኛል። አሁን ተነሺ፣ ቃሉን እንቀይረው። የዛሬውን ደግሞ አፍም ይወቀው።"