አርባ ሦስት ቁጥር ወላጁን ያምጣ

ማክሰኞ፣ የካቲት አሥራ አንድ ቀን፣ ልክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ጓሮ ወጥቶ አንድ የብስባሽ ክምር በሥነ ምግባር ጉድለት መክሰስ ጀመረ። የሳይንስ መምህርቷ ወደ ግቢው በር ታያለች፤ የቆሻሻ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ክምሩ ከተባረረ የአምስት ወር ልፋቷ አብሮት መሄዱ ነው። ልጆቿ ስለ አፈር የተማሩት ሸምድደው አልነበረም፤ በእጃቸው አገላብጠው፣ ሙቀቱን ለክተው፣ የጣሉት ልጣጭ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው አይተው እንጂ።

ጣጣው የመጣው ከመዝገብ ነው። ከሳምንት በላይ ግቢ ውስጥ የሚቆይ ነገር ሁሉ በንብረት ወይም በተማሪ መዝገብ መስፈር አለበት። የንብረት ክፍል ኃላፊው ግን፣ "በየቀኑ ራሱን የሚያሳንስ ዕቃ አልረከብም! ነገ ጎደለ ተብዬ ልጠየቅ?" ብለው አሻፈረኝ አሉ። መምህርቷ ቢቸግራት ክምሩን ከአርባ ሁለቱ ተማሪዎቿ ግርጌ አርባ ሦስተኛ አድርጋ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረም።

ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ክሱን አነበቡ። "አርባ ሦስት ቁጥር፤ ገላውን አይታጠብም። መምህር ሲመጣ አይነሣም። በትምህርት ሰዓት ያጨሳል።"

"ጋሼ፣ እንፋሎት እኮ ነው!" አለች መምህርቷ።

"ልጄ፣ የተያዘ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። ወላጁ የታለ?"

የወጥ ቤት ኃላፊዋ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ። "እናቱ እኔ ነኝ። የድንቹም የካሮቱም ልጣጭ ከእኔ እጅ ነው የወጣው። ደግሞ ምን አጠፋ?"

"አባትየውስ?"

"ደረቅ ቅጠል ነበር፤ ነፋስ ይዞት ሄደ።"

ኮሚቴው ከንፈሩን መጠጠ። ርእሰ መምህሩም የክሱን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "እንግዲህ አባት በሌለው ልጅ ላይ አንጨክንም። ይቅርታ ከጠየቀ ይቆያል፤ ካልጠየቀ መኪናው ያው ነው።"

"እኔ ስለ እሱ..." አለች መምህርቷ።

"አንቺ አይደለሽም ያጠፋሽው። ራሱ ይናገር።"

አርባ ሁለቱ ልጆች ክምሩን ከበቡት። ርእሰ መምህሩ ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ክምሩ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን አለዘቡ።

"በል የኔ ልጅ፣ አትፈር። ይቅርታ በለን።"

መነጽራቸው በእንፋሎት ደበዘዘ። በሩ ላይ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

"በል እንጂ፣ እየጠበቅንህ ነው።"