የክሎቪስ ዳክዬዎች

ኦዲል ለባሏ ለክሎቪስ ሙት ዓመት ጋምቦ የሚባለውን የዳክዬ ወጥ ሳትሠራ እንግዳ ላትቀበል ምላለች። የሉዊዚያና ረግረግ ግን ያን ማለዳ ነፋስ የሚባል አልነበረውም። ውሃው ተኝቷል፤ ክሎቪስ የዱር ዳክዬ ማታለያ አድርጎ የጠረባቸው የእንጨት ዳክዬዎችም አብረውት ተኝተዋል። ወንድሟ ቴሌስፎር ክንፉ በባትሪ የሚሽከረከር የፕላስቲክ ዳክዬ ተክሏል፤ የመጣው መንጋ ሁሉ እሱን እያየ ይመለሳል።

«አምና እኮ ይወዱት ነበር» አለ።

«ዘንድሮ ነቅተውብሃል። ያንን ማራገቢያህን አጥፋልኝ።»

ቴሌስፎር ሲያጠፋው፣ ከሸምበቆው መደበቂያ ሆና እንጨቶቹ የታሰሩበትን ገመድ ሳብ ለቀቅ ታደርገው ጀመር። ውሃው ነቃ። እንጨቶቹ ተወዛወዙ፤ ሞገዱ እየሰፋ ሄዶ ጉሙ ውስጥ ገባ። ከጉሙም ዳክዬዎች ያለ ድምፅ ወርደው ከእንጨቶቹ ጋር ተቀላቀሉ። የቱ ነፍስ ያለው፣ የቱ እንጨት እንደሆነ ጠፋት። ክሎቪስ ራሱ እዚያ መሃል የሚዋኝ መሰላት፤ እጇ መሳቡን አልተው አለ።

«ተኩሺ እንጂ እቴ» አለ ቴሌስፎር በሹክሹክታ።

«የባሌን የእጅ ሥራ በጥይት ልፍጀው? ዝም በል አንተ።»

እየሳሳች ገመዱን ለቀቀችው። እንጨቶቹ ቀስ እያሉ ቆሙ። ሕያዋኑ ግን መዋኘታቸውን ቀጠሉ፤ ጓደኞቻቸው ደርቀው ሲቀሩባቸው ጠረጠሩና ብድግ አሉ። ኦዲል ከውሃው ከፍ እስኪሉ ጠብቃ ሁለት ጊዜ ተኮሰች።

ሁለት ወደቁ። ከክሎቪስ እንጨቶች አንዱም አልተጫረ።

«በል ሄደህ አንሳቸው» አለችው፤ «ላባውንም የምትነጨው አንተ ነህ።»