አልቀመጥም

ጋሼ ወልደ ሚካኤል መቅዲን ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ሲጋብዟት ነገሩ ሊከነክናት ይገባ ነበር። ቴሜስካል ሰፈር ድረስ መጥተው፣ ከጓደኛዋ ከፅጌረዳ ቤት አንስተዋት፣ መኪናው ውስጥ ካስገቧት በኋላ "ዛሬ እስኪ አዲስ ነገር እንቅመስ" አሏት። ሰውየው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ሲያረጁ ከጥብስና ከክትፎ በቀር የምግብ ቤት ምግብ አፋቸው ገብቶ አያውቅም። ግን ሰርጓ ለት በአባቷ ቦታ ቆመው የዳሯት እሳቸው ናቸው፤ ወዴት ነው ብላ አልጠየቀችም።

የወሰዷት አፕታውን የሚባለው ሰፈር ያለ የሉዊዚያና ምግብ ቤት ነው። አኮርዲዮን የበዛበት ሙዚቃ ይጮኻል፣ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ጥግ ላይ ባሏ ሰርፀ ተቀምጧል። ጥላው ከወጣች ሁለት ወር ሊሆናት ነው።

"ጋሼ፣ ምነው?" አለች ባለችበት ቆማ።

"ግቢ ልጄ፣ ሰው ያየናል።"

የትኛው ሰው! ቴሜስካል ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ቢሆን ኖሮ ምሳው ሳያልቅ ወሬው ሳን ሆዜ ይደርስ ነበር። ጋሼ ይህን ቤት የመረጡት አበሻ ዝር ስለማይልበት ነው። ገመናዋን መሸፈናቸው ነበር፤ የሚገላግላትም ሰው እንዳይኖር አደረጉ።

መቀመጫው ከግድግዳ ጋር የተያያዘ ሶፋ ነው። ጋሼ እሷን ወደ ውስጥ አስገቡና እያቃሰቱ ዳር ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ኦፕሬሽን ከተደረገ ገና ነው፤ መነሳትም መቀመጥም ጭንቃቸው ነው። እሳቸው ካልተነሱ መቅዲ መውጫ የላትም።

አስተናጋጇ መጣች። መቅዲ የተጠበሰውን አሳ ልትጠቁም ጣቷን ስታነሳ ሰርፀ ቀደማት። "ለእሷ የጋምቦ ሾርባ፣ ዶሮ ያለበት፣ ሽሪምፕ የሌለበት" አለ በእንግሊዝኛ። ከዚያ በአማርኛ፣ ዝግ ብሎ፣ "የተጠበሰ ነገር ያቃጥልሻል፣ ረሳሽው?" አላት። እንዲህ ደግ ነው ሰርፀ። መቅዲን ያንገሸገሻት ይኸው ደግነቱ ነው።

"በይ ተናገሪ፣ መታሽ?" አሉ ጋሼ።

"አልመታኝም።"

"ይጠጣል?"

"አይጠጣም።"

"ሴት አየሽበት?"

"ኧረ የለም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ?"

ታዲያ ምን ትበል? ከሥራ ስትመለስ ሱቅ ከገባች ያለችበትን በስልኩ አይቶ ይደውላል፤ ምነው ቆምሽ ብሎ። የምትለብሰውን ማታ አውጥቶ ወንበር ላይ ይሰቅልላታል። እናቷ ሲደውሉ ስልኩን እሱ አንስቶ ስለ ጤናዋ እሱ ያወራል። አየር ያጥራታል። ግን አየር አጠረኝ ተብሎ ለሽማግሌ አይነገር ነገር!

"ሎኬሽንሽን ኦፍ ስታደርጊ እንዴት እንደተጨነቅኩ ታውቂያለሽ?" አለ ሰርፀ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንባው የውሸት አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኼ ነው።

"ሰማሽ? ወዶሽ ነው" አሉ ጋሼ።

"ወዶኝ ነው። ግን አልመለስም፣ ጋሼ። አልችልም።"

ጋሼ ቀስ ብለው ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። መቅዲ ሊያሳልፏት መስሏት ቦርሳዋን ያዘች። እሳቸው ግን መውጫው ላይ እንደተገተሩ ቀሩ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እሺ ሳትዪኝ አልቀመጥም።"

"ጋሼ፣ በእመቤቴ፣ ይቀመጡ!"

"አልቀመጥም። ቆሜ እየለመንኩሽ ነው።"

ጋምቦው መጣ። አስተናጋጇ የቆሙትን ሽማግሌ ስታይ ንግግር ሊያደርጉ መሰላት፤ ሙዚቃውን ቀነስ አስደረገች። የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች ፈገግ ብለው ዞሩ፣ አንዱ ብርጭቆውን አነሳ። የሚያዩት ነጭ ነጠላ የለበሰች ሙሽራ መሰል ሴት፣ እንባ ያቀረረ ባልና የሚመርቁ አባት ነው። የጋሼ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፊታቸው በላብ ወረዛ። ግራ እጃቸው ጠረጴዛውን ሊይዝ ሄዶ ተመለሰ፤ ሽማግሌ ተደግፎ አይለምንም።

መቅዲ ይህን ማየት አልቻለችም። አባቷ ሲቀበር አጠገቡ አልነበረችም፤ እኚህ ደግሞ ዓይኗ እያየ በእሷ ምክንያት ሊወድቁ ነው።

"እሺ" አለች። "እሺ ጋሼ፣ ይቀመጡልኝ።"

ቤቱ አጨበጨበ። ጋሼ ተቀመጡ፣ ግንባሯን ሳሙ፣ አለቀሱም። ሰርፀ እጃቸውን ስሞ ቀና አለና ፊቱ በደስታ በራ።

"አላልኩዎትም፣ ጋሼ? ከቆሙላት እምቢ አትልም ብዬዎት አልነበር?"

ጋሼ ላባቸውን የሚጠርጉበት መሐረብ ግንባራቸው ላይ ቆመ። መቅዲ ዓይን ዓይናቸውን አየች። ሰውየው ሞኝ አይደሉም፤ ምን እንደሰሙ፣ ማን እንዳቆማቸውም ገብቷቸዋል። አንድ ቃል ብቻ ከአፋቸው ጠበቀች።

"ጋሼ፣ ያሳልፉኝ" አለች በመጨረሻ።

"እሺ ብለሽ የለም ወይ፣ ልጄ?" አሉ ቀና ብለው ሳያዩዋት። "ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።"

ሰርፀ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። በእሷ ማንኪያ ቀመሰው፣ ጨው ነሰነሰበት፣ አማሰለና መልሶ አስጠጋላት።