የሃምሳ አለቃ አገኘሁ እናት

የሃምሳ አለቃ አገኘሁ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ የዕድሩ ድንኳን ገና ሳይነቀል፣ ክንዴ የሞተች ሴት በመዝገብ ላይ በሕይወት አገኘ።

ክንዴ ደባርቅ ላይ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ነው። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል አቋርጧል፤ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ያነበበውን ግን አይረሳም። በሣልስት ቀን የሟቹን ስም በቀይ መሰረዝ የዕድሩ ወግ ስለሆነ፣ ጸሐፊው መምህር ሙሌ መዝገቡን ገልጦ አቀረበለት። በአገኘሁ ገጽ ላይ አራት መስመር ነበር። ራሱ። ሚስት፣ ዘቢደር። ልጅ፣ የትናየት። እናት፣ ጤናዬ፤ አድራሻ፣ ዳባት።

ክንዴ ጣቱን አራተኛው መስመር ላይ አቆመ።

«ይቺ ማን ናት?»

«እናቱ ናቸዋ፣ አያ ክንዴ።»

«እናቱ ስትሞት እሱ ጦር ሜዳ ነበር። ሲመለስ መቃብሯን ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

ሙሌ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ገጹ ከእሱ በፊት በነበረው ጸሐፊ እጅ የተጻፈ ነው፤ የቤተሰብ ስም ተገልጦ የሚታየውም ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

«ምን ተገኘ?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላቸው።

ልደቱ ነበር። ክንዴ መዝገቡን ለመክደን ዘገየ፤ ልደቱ አንገቱን አስግጎ አንብቧል።

ልደቱ አናጺ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ያሳደገውን አጎቱን ኪዳኑን «አባት» ብሎ አስመዝግቦ ተገኘ። ደንቡ አጭር ነው፦ የሐሰት ዘመድ ያስመዘገበ ከነቤተሰቡ ይሰረዛል። ክንዴ ሰረዘው። ኪዳኑ በዚያው ክረምት ሞተ፤ ድንኳን አልተተከለለትም፤ ስድስት ሰዎች በዝናብ ተሸክመው ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ልደቱ የሰው ለቅሶ አያመልጠውም። ከዳር ተቀምጦ ክንዴን ያያል።

«እኔን ሲሰርዙኝ እጅዎ አልተንቀጠቀጠም፣ አያ ክንዴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወዳጅ ሲሆን ቀይ ቀለም ያልቃል?»

«ዝም በል። ለቅሶ ቤት ነው።»

«ስድስት ዓመት ዝም ብያለሁ።»

ክንዴ ወደ ድንኳኑ መሐል ተመለከተ። የአገኘሁ ፎቶ ከነቆቡ ወንበር ላይ ቆሟል፤ ሜዳሊያው ከጥጉ ተንጠልጥሏል። ዘቢደር ከሥሩ ተቀምጣለች፤ ድምጿ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። በቀብሩ ዕለት አልቃሿ «ወንድሙን ጥሎ የማይሸሽ» እያለች ሕዝቡን አስለቅሳው ነበር። ደንቡ ከተፈጸመ ዘቢደር ነገ ስትሞት ጡሩምባ አይነፋላትም። አገኘሁም በመቃብሩ ውስጥ ሆኖ አታላይ ይባላል።

ሠላሳ ዓመት ያውቀዋል። ስለ ጦር ሜዳ የማያወራ ወታደር ነበር፤ ሌሎች ማውራት ሲጀምሩም ተነሥቶ ይወጣል። ሰው እየሳቀበት ለሚስቱ ውኃ ይቀዳል፤ የልጁን ጫማ ራሱ ይሰፋል። ሬሳ ሲነሣ ትከሻውን ቀድሞ የሚያስገባ እሱ ነው፤ መቃብር እስኪደረስ ቦታውን ለተረኛ አይለቅም። «ልቀበልህ» ሲሉት እንዳልሰማ ይሆናል። ክንዴ ይኸን ሁሌ ጉራ ይለው ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለው። ክንዴ ሲያስብ የሚጀምረው ከክፉው በኩል ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አገኘሁ ወር በገባ በዐሥራ ስድስት «የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አለብኝ» እያለ ዳባት ይወርድ ነበር። ከማኅበር የሚመለስ ሰው ለልጁ ቁራሽ ዳቦ ይዞ ይገባል። አገኘሁ ሁሌ ባዶ እጁን ነበር። እንግዲህ ዳባት ሴት አለች ማለት ነው። ጤናዬ የተባለችው የሴትዮዋ እናት ትሆናለች። ምናልባትም ልጅ አለ፤ ነገ «ቤት አካፍሉኝ» ብሎ የሚመጣ።

«ድንኳኑ ይቆይ» አለ ክንዴ። «ስሙንም ነገ እንሰርዛለን።»

ልደቱ በአፍንጫው ሳቀ።

በማግስቱ መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ክንዴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈረ። ለዘቢደር አልነገራትም።

የጤናዬን ቤት ዳባት ላይ ለማግኘት አልተቸገረም። ደጇ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ባቄላ ትፈለፍላለች። ክንዴ ሰላም ከማለቱ በፊት ግቢውን ቃኘ። የወንድ ጫማ የለም። የልጅ ልብስ አልተሰጣም። ሁለት በርጩማ ብቻ አለ፤ የአንዱ እግር በቅርብ ተጠግኗል።

«ማነህ?» አለች።

«ክንዴ እባላለሁ። ከደባርቅ ነኝ፤ የአገኘሁ ወዳጅ።»

«ወዳጅ እንዳለው አልነገረኝም።»

«እኔንም እናት እንዳለው አልነገረኝም።»

አሮጊቷ ሳቀች። ጥርስ የላትም፤ ዓይኗ ግን የጭልፊት ነው። «እንግዲያ አንዳችንን ካንዳችን ደብቆናል። ተቀመጥ።»

«እርስዎ ነዎት የወለዱት?»

«የወለድሁት ሌላ ነው። አንዱዓለም ይባላል፤ ኤርትራ ምድር ቀረ። አገኘሁ የማር ልጄ ነው።»

ክንዴ ወጉን ያውቀዋል። ልጅ የሚሻ ሰው በካህንና በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባል፤ የጠባውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ ነው። ግን የሚጠባው ሕፃን ነው፤ ቢበዛ ጎረምሳ። ጢሙ የከበደ የሃምሳ አለቃ የሴት ጣት ሲጠባ ሊታየው አልቻለም።

«ለምን?» አለ።

ጤናዬ ባቄላውን መፈልፈል አላቆመችም።

«ጦሩ ሲበተን ልጄ እግሩን ተመትቶ ወድቋል። አገኘሁ አለቃው ነው። አንሣኝ አለው፤ አላነሣውም። ጥሎት ሄደ። ይኸን የነገረኝ ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሱ መጥቶ እዚህ ደጅ ቆሞ ነው። ጎረቤት ድንጋይ አነሣበት። እኔ ማር አወጣሁ።»

«እንዴት ልብዎ ቻለ?»

«ብሰድደውስ ማን ይቀብረኛል? የልጄን ሬሳ ያላነሣህ የእኔን ሬሳ ታነሣለህ አልሁት።»

ክንዴ ያን ከቃሬዛ ሥር የማይወጣ ትከሻ አሰበ። አልቃሿ ያለችውንም አሰበ። ግን ዳኛ ነው።

«ምስክር አለ?»

«ሁለቱ ሞተዋል። መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል አለ፤ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው። ሂድና ጠይቀው፤ ሳታጣራ እንቅልፍ እንደማይወስድህ ያስታውቅብሃል።» እጆቿ ቆሙ። «አሁን ተራው የእኔ ነው። ዐሥራ ስድስት ገና ነው። አንተን ምን አመጣህ?»

«ትንሽ… አሞታል።»

ክንዴ ውሸት አልለመደም። አሮጊቷ ፊቱን ትታ ትከሻውን አየች።

«ነጠላህን ለማን ነው ያዘቀዘቅኸው?»

እጁ ወደ ትከሻው ሄደ። የነጠላው ጥለት እንደ ሐዘንተኛ ወደ ላይ ተገልብጦ ትከሻው ላይ ተኝቷል። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንዲያ ነው የለበሰው፤ ረስቶታል።

«ለጎረቤት ነው» አለ።

«ጎረቤትህ ወታደር ነበር?»

ጤናዬ አንዲት ባቄላ በጣቷ ይዛ ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ ሰፌዱ ላይ መልሳ አኖረቻት።

«በቃ፤ አትናገር» አለች። «መርዶ በቀትር ባንድ ሰው አፍ አይነገርም። የአንዱዓለምን አንድ ሰው ደጅ ቆሞ ነው የነገረኝ። ይኸንን እንኳ በወጉ ልስማ። ሂድ፤ በንጋት ሰው ይዘህ ና። እስከዚያ አልሰማሁም።»

ክንዴ መሪጌታውን ጠየቀ። መሪጌታው የማሩን ቀን፣ የቆሙትን ሽማግሌዎች፣ አገኘሁ እንዴት እንዳለቀሰ ነገሩት። ሁሉም ገጠመ።

ማምሻውን ደባርቅ ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ ተናገረ። ስለ ማሩና ስለ ምስክሩ ተናገረ፤ ተጥሎ ስለቀረው ልጅ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለመርዶው ወግ ቢያንስ ሃያ ሰው እንደሚያስፈልግም ነገራቸው።

በመጀመሪያ የተናገረችው ዘቢደር ናት፤ ድምጿ ሻክሯል። «ይኸን ሁሉ ዘመን አማት ደብቆብኝ! ሌላዋ ሴት ከአማት ገላግለኝ ብላ ስለት ትሳላለች፤ እኔ ሳልሳል ተገላግዬ ኖሬያለሁ።» ዳር ያሉት ሳቁ። እሷ ግን እንባዋ መጣ። «ለምን ደበቀኝ፣ አያ ክንዴ?»

«እሱን እሷ ትነግርሻለች።»

ልደቱ ከዳር ተነሣ። «ማር!» አለ። «ኪዳኑ አዝሎኛል። አፍንጫዬን ጠርጎልኛል። የራሱን እራት ሰጥቶኛል። አባቴ ያልሆነው ቤታችን ማር ስላልነበረ ነው እንግዲህ?»

ክንዴ በልቡ ደንቡን አገላበጠ። በዕድሜው ሁሉንም ሰው ጠርጥሯል። የራሱን ፍርድ ግን አንድ ቀን ጠርጥሮት አያውቅም።

«ሙሌ፣ ጻፍ» አለ። «ልደቱ። ሚስትና ልጆቹን ራሱ ይነግርሃል። አባት፣ ኪዳኑ።»

«ኪዳኑ እኮ ሞቷል፣ አያ ክንዴ።»

«ጻፈውና በቀይ ሰርዘው። ዕድርተኛ እንደሚሰረዝ።»

ሙሌ ጻፈ፤ ሰረዘም። ልደቱ መስመሩ እስኪደርቅ ድረስ አየው።

«ቀብሩን አይመልሰውም» አለ።

«አይመልሰውም።»

«ስንት ሰዓት ነው የምትነሡት?»

ጎሕ ሲቀድ ዳባት ደረሱ። ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ነበሩ፤ ዘቢደርና የትናየት ከፊት፣ ልደቱ የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ ከኋላ። የጤናዬ ግቢ ተጠርጓል። ከጎረቤት የተዋሰችው አግዳሚ በግድግዳው ልክ ተደርድሯል። እሷ በሩ ላይ ተቀምጣለች። የነጠላዋ ጥለት እንደ ወትሮው ወደ ታች ነው፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው። ዓይኗ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ እስከ መጨረሻው ሄደ።

«ደህና አደራችሁ? በማለዳ ምን አመጣችሁ?» አለች።

ክንዴ ቆቡን አወለቀ። «እናቴ» አለ፤ «ሰው ይዤ መጥቻለሁ።»

ያን ጊዜ እጇን ወደ ነጠላዋ ጥለት ሰደደች።