በዋታሩ ፈንታ

ሳዳሃሩ ከጀልባዋ መሪ ላይ ሆኖ «ዋታሩ፣ ተዘጋጀህ?» ብሎ ሲጣራ፣ ሚስቱ ቺዙሩ የሸራውን ገመድ እንደጨበጠች «ተዘጋጅቻለሁ» አለች። መሪ የያዘ ሰው፣ ገመድ የያዘው ሳይመልስለት ጀልባ አያዞርም። ሳዳሃሩ አምና በዚሁ በሴቶ ባሕር አንዴ ብቻ ሳይጠብቅ አዞረ፤ ሸራውን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ልጃቸውን ዋታሩን ጭንቅላቱን መትቶ ባሕር ውስጥ ጣለው።

ከዚያ ወዲህም እሁድ እሁድ ይወጣሉ። እሱ የሚጣራው ልጁን ነው፤ የምትመልሰው እሷ ናት።

«ሩዙን ብላ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ። ነፋስ ልትጠግብ ነው?»

«ጨው አብዝተሽበታል።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስትበላ ምላስህ የት ነበር?»

ፈገግ ሊል ዳዳውና ተወው። ከፊታቸው የአንዲት ደሴት ቋጥኝ እየቀረበ ነበር።

«ዋታሩ፣ ተዘጋጀህ?»

ቺዙሩ ለሞተ ልጇ ድምፅ መሆን ታከታት። እስቲ ዛሬ እንኳ በራሱ ያዙር ብላ ዝም አለች።

ሳዳሃሩ አላዞረም፤ ዳግመኛም አልተጣራም። መሪውን እንደያዘ ዓይኑን ቋጥኙ ላይ ተክሎ ቁጭ አለ። ቋጥኙን የመታው ማዕበል ፊቷን ሲረጫት ቺዙሩ ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች።

«ተዘጋጅቻለሁ» ብላ ጮኸች።

ሳዳሃሩ ወዲያው አዞረ፤ ጀልባዋ ለጥቂት ተረፈች። ቺዙሩ ዞር ብላ ባሏን አየችው። ፊቱ ላይ ድንጋጤም እፎይታም አልነበረም።

«ዛሬም መለስሽ» አላት፣ ወደ ኋላ የቀረውን ቋጥኝ እያየ፣ ቅር ብሎት።